የእስያ ጥንታዊ ተጣጣፊ መከለያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ሰፊ ክፍልን ለመክፈል የግድ ግድግዳ መገንባት አያስፈልግም ነበር። ታጥፎ የሚቆም መከለያ ይዘረጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ተሰብስቦ ጥግ ይቀመጣል። ነፋስ ለመከላከል የተጀመረው ዕቃ ቀስ በቀስ የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ማረፊያ ሆነ። ዛሬ በሙዚየምም፣ በጨረታም፣ በአሮጌ ዕቃ መደብርም ይገኛል።

ሰዎች ስለ እነዚህ መከለያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እነዚህ ሥዕሎች ታጥፈው እንዲቆሙ ነው የተሠሩት። ብዙው መልሴ የሚነሳው ከዚህ ነው። እያንዳንዱን ተጣጣፊ ሰሌዳ “ክንፍ” እያልኩ እጠራዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ከዛሬው ፓርቲሽን በምን ይለያል?

በአሠራሩ። የጃፓኑን እንውሰድ። ውስጡ ከቀላል እንጨት የተሠራ ፍርግርግ ነው። በፍርግርጉ ላይ ወረቀት በድርብርብ ይለጠፋል። ከሁሉ በላይ ሥዕሉ ያለበት ወረቀት ወይም ሐር ይመጣል። ዳር ዳሩን የሐር ጥለት ይዞረዋል፤ ከዚያ ላከር፣ ማለትም ከዛፍ ፈሳሽ የሚገኝ ቅብ፣ የተቀባ ስስ የእንጨት ጠርዝ ይገባለታል፤ ማዕዘኖቹ ላይ የብረት ጌጥ ይመታል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቱ በጣም ቀላል ነው። የሰው ቁመት የሚያህለው ነገር ሲነሳ እጅ ላይ አይከብድም። በወረቀቶቹ መሀል ያለው አየርም የእርጥበት ለውጥን ያለዝባል።

ዋናው ብልሃት ያለው ግን ማጠፊያው ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክንፎች በቆዳ ወይም በሐር ገመድ ነበር የሚታሰሩት። በየመሀላቸው ክፍተት አለ። እያንዳንዱ ክንፍ የራሱ ጠርዝ ስለነበረው ሥዕሉም በየክንፉ ተቆራርጦ ይቀር ነበር። ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በጃፓን የወረቀት ማጠፊያ ተስፋፋ። አንዱ የወረቀት ቁራጭ ከመጀመሪያው ክንፍ ፊት ተነስቶ ወደ ቀጣዩ ክንፍ ጀርባ ይዞራል። ከሥሩ ያለው ቁራጭ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ታች ይወርዳሉ። በዚህ መንገድ የተያያዙ ክንፎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይታጠፋሉ፤ ክፍተትም የለም። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊው አንድ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆርጥ መሳል ቻለ። ከታች የምጠቅሳቸው የጃፓን ሥራዎች የተገኙት በዚህ ትንሽ የወረቀት ሥራ ምክንያት ነው።

ሰንሱል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ ይታጠፍና በየእጥፉ የቅዱሳን ሥዕል ይሳልበታል፤ ሲዘረጋ ራሱን ችሎ ይቆማል። የእስያው መከለያ በሐሳቡ ከዚህ አይርቅም፤ መጠኑ ግን ክፍል የሚያህል ነው።

መነሻው የት ነው?

ቻይና። ከሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መቃብሮች፣ ማለትም የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ከተቆፈሩት፣ መከለያዎች ወጥተዋል። በሻንሺ ግዛት በዳቶንግ ከተማ አካባቢ በ484 የሞተ ሲማ ጂንሎንግ የተባለ ባለሥልጣን መቃብር ተገኝቷል። ከውስጡ ቀይ ላከር የተቀቡ የመከለያ ሰሌዳዎች ወጥተዋል፤ በምግባራቸው የተመሰገኑ ሴቶችና ወላጆቻቸውን ያከበሩ ልጆች ታሪክ ተስሎባቸዋል።

የጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል በ686 ከኮሪያው የሺላ መንግሥት መከለያ በስጦታ እንደመጣ ይናገራል። በናራ ከተማ በሾሶይን ግምጃ ቤት ደግሞ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ ስድስት ክንፍ መከለያ እስከ ዛሬ አለ። ከዛፍ ሥር ያሉ ሴቶች ተስለውበታል። ልብሳቸው በወፍ ላባ ተሸፍኖ ነበር። ዛሬ ላባው ከሞላ ጎደል ረግፏል፤ ከሥሩ ያለው የቀለም መስመር ግን አሁንም ይታያል።

ሥዕሉን ከየት ጀምሬ ነው የማየው?

ከቀኝ። ጽሑፋቸው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ሥዕሉም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ የጃፓን መከለያዎች ጥንድ ናቸው። ሁለት ባለ ስድስት ክንፍ መከለያዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ነው፤ ሲዘረጋ ወርዱ ከ3.5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አራቱ ወቅቶች ከተሳሉ የአበባው ወቅት በቀኝ ዳር ይጀምራል፤ በረዶው በግራ ዳር ያበቃል።

አሁን ደግሞ ታጥፎ ሲቆም የሚሆነውን ተመልከቱ። ወደ ፊት የወጣው እጥፍ ላይ ያለው ዛፍ ወደ እናንተ ይመጣል። ወደ ውስጥ የገባው ተራራ ይርቃል። ቦታ ስትቀይሩ አንዱ ክንፍ ይደበቅና ሌላው ይገለጣል። ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ሁሉ አስቦ ነው ብሩሹን የሚያነሳው። በካታሎግ ፎቶ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የምናየው ሥዕል ከዚህ ሁሉ ምንም አያሳይም።

አንድ ምክር፦ ተቀምጣችሁ እዩት። የተሠራው ወለል ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዓይን ነው። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ሥዕሉ ከፍ ይላል፤ ያኔ ለምን እንደዚያ እንደተሳለ ይገባችኋል።

ያ ሁሉ ወርቅ ለምንድን ነው? ሀብት ለማሳየት ነው?

ሀብት ማሳየቱም አለበት። የጦር አለቆች ቤተ መንግሥታቸውን በወርቅ መከለያ የሞሉት እንግዳ እንዲደነግጥ ነው። ግን ሌላ ጥቅምም አለው። የድሮ የጃፓን ቤቶች ጣሪያቸው ወደ ውጭ ረዝሞ የወጣ ስለሆነ ውስጣቸው ጨለም ይላል። ወርቁ ከደጅ የሚገባውን ትንሽ ብርሃን ይቀበልና ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ማታ ደግሞ የመብራቱ ነበልባል ሲወዛወዝ ወርቁም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ወርቁ ደመና ሆኖም ይሠራል። ሠዓሊው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው፣ ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው መሻገር ሲፈልግ በመሀል የወርቅ ደመና ያስገባል። ለዚህ ነው አንድ መከለያ ላይ ሙሉ ከተማ የሚገባው።

ስለዚህ ቤታችሁ ወርቅ ያለበት መከለያ ካለ ከጣሪያ የሚወርድ ነጭ አምፖል አታብሩበት። ያብለጨልጭና ርካሽ ያስመስለዋል። ከጎን የሚመጣ፣ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያለው መብራት ይበቃዋል።

ከየትኞቹ ሥራዎች ልጀምር?

እኔ የምጀምረው ከኦጋታ ኮሪን ነው። ቶኪዮ በሚገኘው የኔዙ ሙዚየም ያለው የአይሪስ አበቦች ጥንድ መከለያ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠራ ነው። ወርቅ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ሌላ ምንም የለም። ሰማያዊው አዙራይት ከተባለ ማዕድን የተፈጨ ነው፤ አረንጓዴው ከማላካይት። ውሃ አልተሳለም፤ ሰው አልተሳለም። የዘመኑ ተመልካች ግን አበቦቹን እንዳየ አንድ የታወቀ ጥንታዊ ታሪክ ትዝ ይለዋል። በታሪኩ ውስጥ መንገደኛ ስምንት ድልድዮች ካሉበት ረግረግ ይደርሳል፤ የአይሪስ አበቦቹን ሲያይ ዋና ከተማ የተዋትን ሚስቱን ናፍቆ ግጥም ይገጥማል። ኮሪን ናፍቆቱን የተናገረው በአበባው ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦታ ድልድዩን ጨምሮ ድጋሚ ሳለው፤ ያኛው ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። የኔዙ ሙዚየም የራሱን መከለያ የሚያወጣው በየዓመቱ አይሪስ በግቢው በሚያብብበት ሰሞን፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው።

ከወርቁ ፍጹም የተለየ ነገር ለማየት የሃሴጋዋ ቶሃኩን የጥድ ዛፎች ፈልጉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሳለ ነው፤ የሚገኘው በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ዛፎች። ከወረቀቱ የሚበዛው ባዶ ነው። ቀረብ ስትሉ ዛፉ ጠፍቶ የብሩሽ ግርፋት ብቻ ይቀራል፤ ራቅ ስትሉ ጭጋጉ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

የታዋራያ ሶታትሱ የነፋስና የነጎድጓድ አማልክት ደግሞ ጥንድ ባለ ሁለት ክንፍ ነው። ሁለቱ አማልክት በሁለቱ ዳር ተገፍተው መሀሉ ባዶ ወርቅ ነው። የኪዮቶው ኬኒንጂ ገዳም ንብረት ቢሆንም ዋናው በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል፤ ገዳሙ ውስጥ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው።

ለታሪክ ወዳጆች ደግሞ ካኖ ኤይቶኩ አለ። እርሱ የሳለውን የኪዮቶ ከተማ መከለያ ኦዳ ኖቡናጋ በ1574 ለሌላው የጦር አለቃ ለኡዌሱጊ ኬንሺን ላከለት። ከ2,000 በላይ ሰዎች ተስለውበታል፤ ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ ጨፋሪው፣ ገበያተኛው ሁሉ አለ። ኖቡናጋ የራሱን የአዙቺ ቤተ መንግሥት የሚያሳይ ሌላ መከለያም ነበረው። እርሱን ለኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ለቫሊኛኖ ሰጠው። ከጃፓን የተላኩ ወጣት መልእክተኞች ይዘውት ሄደው በ1585 ሮም ለጳጳስ ግሪጎሪ 13ኛ አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ጠፋ። ቤተ መንግሥቱም ተቃጥሏል። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ መከለያውን እየፈለጉ ነው፤ ቢገኝ የዘመኑ ትልቅ የጥበብ ዜና ይሆናል።

“ኮሮማንደል” የሚባለው የሕንድ ሥራ ነው?

አይደለም፤ የቻይና ነው። ኮሮማንደል የደቡብ ምሥራቅ ሕንድ የባሕር ዳርቻ ስም ነው። ዕቃው በዚያ በኩል በአውሮፓ የንግድ ኩባንያዎች መርከብ ይጓዝ ስለነበር ስሙ ተለጠፈበት። ምርጦቹ የተሠሩት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 18ኛው መጀመሪያ፣ በተለይ በካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ብዙ ጊዜ 12 ክንፍ አላቸው። ቁመታቸው 2.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንደ ጃፓኑ ቀላል አይደሉም፤ ድፍን እንጨት ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ በጨርቅና በሸክላ ዱቄት ድብልቅ ይለበጣል። በላዩ ጥቁር ወይም ቡናማ ላከር በተደጋጋሚ ይቀባል። ላከሩ ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ ያሳክካል፤ የሚጠነክረውም በደረቅ ሳይሆን እርጥበት ባለው አየር ነው። ከጠነከረ በኋላ ባለሙያው ላከሩን እስከ ሸክላው ድረስ ይፈለፍላል፤ የተፈለፈለውን በቀለም ይሞላል። ስለዚህ ቀለሙ ከላከሩ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ለመለየት ይረዳችኋል።

ብዙዎቹ ለትልቅ ሰው የልደት በዓል የተሰጡ ነበሩ፤ የምርቃት ጽሑፍና ዓመት የተቀረጸባቸው አሉ። አውሮፓ ከደረሱ በኋላ ግን ብዙዎቹ ተቆራርጠው የግድግዳ ልባስና የቁም ሣጥን በር ሆነዋል። ሙሉ 12 ክንፍ ታሪክ እንዲህ ሲበታተን ማየት ያሳዝናል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣም ከወደዷቸው ሰዎች አንዷ ኮኮ ሻኔል ናት። ፓሪስ፣ ሩ ካምቦን 31 ቁጥር ያለው አፓርታማዋ እስከ ዛሬ በእነዚህ መከለያዎች እንደተሞላ ተጠብቋል።

የኮሪያዎቹስ?

ሳይገባቸው ተረስተዋል እላለሁ። በጆሰን ሥርወ መንግሥት ከንጉሡ ዙፋን ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መከለያ ይቆማል፦ ፀሐይ፣ ጨረቃና አምስት ተራሮች። ንጉሡ መሀሉ ላይ ሲቀመጥ ነው ሥዕሉ የሚሞላው። በዛሬው የ10,000 ዎን የኮሪያ ገንዘብ ላይ ከንጉሥ ሴጆንግ ጀርባ የሚታየው እርሱ ነው። ንጉሥ ጆንግጆ ግን በ1791 ከዙፋኑ ጀርባ የመጻሕፍት መደርደሪያ የተሳለበት መከለያ አስቆመ። መጽሐፍ የሚወድ ንጉሥ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጻሕፍት ሥዕል በየባለጸጋው ቤት ተስፋፋ።

ለሠርግና ለለቅሶም ይጠቀሙበታል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በኮሪያ ለሠርግ የፒዮኒ አበባ ያለበት ደማቅ መከለያ ይዘረጋል፤ ለቀብርና ለሙታን መታሰቢያ ደግሞ ቀለም የሌለው ወይም ጽሑፍ ብቻ ያለበት ነው። በጃፓን ልማድ ከአስከሬኑ ራስጌ መከለያ ተገልብጦ ይቆማል። ስለዚህ ጃፓናዊ እንግዳ ካላችሁ መከለያችሁን ገልብጣችሁ እንዳታቆሙ ተጠንቀቁ።

በጃፓን መከለያ ላይ አፍሪካውያን ተስለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ፖርቹጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ነው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የጃፓን ሠዓሊዎች የመርከባቸውን መምጣት በትልልቅ ጥንድ መከለያዎች ላይ መሳል ጀመሩ። ትልቅ ጥቁር መርከብ ወደብ ይደርሳል፤ ሰፊ ሱሪ የለበሱ ነጋዴዎች በሰልፍ ይወጣሉ። ከመሀላቸው ጥቁር ሰዎች በግልጽ ይታያሉ። አንዱ ለመርከቡ አለቃ ጃንጥላ ይይዛል፤ ሌሎቹ የመርከቡ ምሰሶ ገመድ ላይ ይወጣሉ። ብዙዎቹ በፖርቹጋሎች ተይዘው የመጡ ባሮችና አገልጋዮች ነበሩ። ካኖ ናይዜን የሳለው ኮቤ ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ሊዝበን የሚገኘው የጥንታዊ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየምም የዚህ ዓይነት መከለያዎች አሉት። እኔ እነዚህን ሥዕሎች ሳይ ዓይኔ ወርቁን አልፎ እነዚያን ሰዎች ነው የሚፈልገው። ስማቸውን ማንም አልጻፈላቸውም።

ግድግዳ ላይ ልስቀለው?

ባትሰቅሉት እመርጣለሁ። ጠፍጣፋ ሲሆን ጥልቀቱ ይጠፋል፤ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱም አሮጌ ማጠፊያን ያስጨንቃል። ውጪ አገር ከሶፋ በላይ የሚሰቅሉት ብዙ ናቸው፤ ሥዕሉን ከሕፃናትና ከውሻ ለማዳን ከሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ያኔም ቢሆን ትንሽ እጥፍ እያለው የሚይዝ መደገፊያ አሠሩለት።

ቤቴ ጠባብ ነው። የት ላቁመው?

ባለ ስድስት ክንፉን ተዉትና ባለ ሁለት ክንፍ ፈልጉ። ጃፓኖች ለሻይ ሥርዓት የሚጠቀሙበት ከጉልበት የማያልፍ አጭር መከለያ አላቸው፤ ቡፌ ላይ ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያምራል። ስቱዲዮ ውስጥ አልጋውን ከሳሎኑ ለመለየት ግን ጥንታዊውን አትጠቀሙ። በቀን አሥር ጊዜ የሚገፋ ዕቃ ዕድሜ የለውም፤ ለዚያ ሥራ አዲስ ይበቃል።

ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። ከማሞቂያና ከኤሲ አርቁት። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን። ፎቶ፣ የአበባ ማስቀመጫና ቴሌቪዥን ከጎኑ አትደርድሩ። ኪዮቶ ውስጥ በሐምሌ በሚከበረው የጊዮን በዓል የድሮ ነጋዴ ቤተሰቦች መከለያቸውን አውጥተው መንገደኛ እንዲያይ በራቸውን ይከፍታሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ መከለያ፤ ሌላ ብዙ ነገር አይጨምሩም።

ሻጩ “200 ዓመት አለው” ይላል። በምን አውቃለሁ?

ከፊቱ በፊት ጀርባውን እዩ። በፊት ለፊቱ ላይ ሁሉም ይለፋል፤ ጀርባው ግን ዕድሜውን ይናገራል።

የጃፓን ከሆነ ማጠፊያውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉ። የወረቀት ነው ወይስ የናስ? የናስ ማጠፊያና ብሎን ካለው ወይ ዘመናዊ ነው ወይ በኋላ ተነካክቷል። ወርቁን ከጎን በባትሪ አብሩበት። እውነተኛ የወርቅ ንጣፍ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ስለሚለጠፍ ጠርዛቸው የተደራረበበት መስመር ይታያል። የተረጨ ወይም የታተመ ወርቅ አንድ ወጥ ነው። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ስታዩ ሥዕሉ በትንንሽ ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ፊርማና ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ በውጪው የታች ጥግ ላይ ይገኛል፤ በቀኙ መከለያ በቀኝ፣ በግራው በግራ። ስለዚህ ፊርማው በግራ ጥግ ያለበት ነጠላ መከለያ ከገጠማችሁ ጥንዱ የት እንዳለ ጠይቁ። ፊርማ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም። የታላቅ ሠዓሊ ስም መጻፍ ቀላል ነው።

ኮሮማንደል ከተባለላችሁ ጣታችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን ወደ ጎን አስጠጉ። ቀለሙ ከላከሩ ዝቅ ብሎ ነው ወይስ ተለጥፎ ከፍ ብሏል? በገበያ ላይ የሚበዛው ጥቁር፣ ባለ አራት ክንፍ፣ ከፍ ብለው የተለጠፉ ነጫጭ ሴቶችና አበቦች ያሉበት ነው። ያ አብዛኛውን ጊዜ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። ቢያምራችሁ ግዙት፤ በጥንታዊ ዋጋ ግን አትግዙት። እውነተኛው ላይ ደግሞ የዳር ጌጡን ተከተሉ። የሙሉ መከለያ ጌጥ አራቱንም ዳር ይዞራል። በአንዱ ጎን ድንገት ከተቋረጠ ክንፎች ተቆርጠው ተሸጠዋል ማለት ነው።

ዋጋው ስንት ይሆናል?

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ስም የሌለው ባለ ሁለት ክንፍ በጥቂት መቶ ዶላር ሊገኝ ይችላል። የታወቀ ሠዓሊ ጥንድ መከለያ ደግሞ የሚሸጠው በትልልቅ ጨረታዎች ነው። ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነጠላ በላይ ያወጣል። ለጀማሪ የምመክረው ስም ከመፈለግ ጤነኛ ማጠፊያ መፈለግን ነው።

ከአገር ወደ አገር ማሻገር ይቻላል?

እንደ ዕቃው ነው። ቻይና ከ1911 በፊት የተሠሩ ቅርሶች እንዳይወጡ ትከለክላለች፤ ገበያ ላይ ያሉት ቀድመው የወጡ ናቸው፤ ወረቀታቸውን ጠይቁ። ጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ብላ የመዘገበችው አይወጣም። ሌላው የዝሆን ጥርስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለውጭ ገበያ የተሠሩ የጃፓን መከለያዎች የዝሆን ጥርስ ጌጥ ሊኖራቸው ይችላል። ዓለም አቀፍ ዝውውሩ በስምምነት የተገደበ ነው፤ አሜሪካም በ2016 ሕጓን በጣም አጥብቃለች። ዕድሜውን የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ስለሚችል እኔ አልነካውም።

ቤታችን ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል። የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጭስ ቅባት አለው፤ ወረቀትና ሐር ላይ ይቀመጣል፤ ወርቁን ያደበዝዛል። ላከር ላይ ያረፈው ሊጠረግ ይችል ይሆናል፤ ወረቀት ላይ ያረፈው ግን በቀላሉ አይወጣም። ረከቦቱ ከመከለያው ፊት ሲቀመጥ ፎቶው ማማሩን አውቃለሁ። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፤ ካልሆነም መስኮት ከፍታችሁ መከለያውን አጥፋችሁ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት።

አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ያውም ጠርዙን ብቻ። እርጥብ ጨርቅ ጭራሽ አይነካውም። ወርቅ ላይ ጣት አታሳርፉ፤ የእጅ ወዝ ዱካ ይተዋል። በየጊዜው ጀርባውን እያያችሁ ብልና ነቀዝ እንዳልገባው አረጋግጡ። ሲነሳ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ታጥፎ፣ ቀጥ ብሎ።

ማጠፊያው ተቀዷል። በማጣበቂያ ልያዘው?

አይሆንም። ፕላስተርም ሱፐር ግሉም ጉዳቱን ያባብሳል። ፕላስተሩ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። የጃፓን ባለሙያዎች በስንዴ ስታርች የተሠራ ሙጫ የሚጠቀሙት በውሃ ተመልሶ ስለሚለቅ ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት የሚመጣው ጠጋኝ እንደገና ሊፈታው ይችላል። ባለሙያ እስክታገኙ መከለያውን አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ የረገፈ ቁራጭ ካለ በፖስታ ያዙት፤ አትጣሉት።

የት ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። በናሽናል ሞል ያለው የፍሪር ጋለሪ በ1923 የተከፈተ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሶታትሱ የማትሱሺማ ማዕበል የሚገኘው እዚያ ነው። የጋለሪው መሥራች ፍሪር የገዛው በ1906 ነበር፤ ሶታትሱን ከጃፓን ውጪ ብዙ ሰው በማያውቅበት ጊዜ። ኒውዮርክ ላሉ ሜትሮፖሊታን አለ። እስራኤል ላሉ ሃይፋ ውስጥ ለጃፓን ጥበብ ብቻ የተሰጠ የቲኮቲን ሙዚየም አለ። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ፓሪስ ጊሜ ሙዚየም።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውሉ። ብርሃን ቀለሙን ስለሚጎዳ መከለያ ዓመቱን ሙሉ አይታይም። ጥቂት ሳምንት ወጥቶ ለወራት ይገባል። የሚታይበት ክፍልም ደብዘዝ ያለው ለዚሁ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

አዲስ አበባ አናጺ ጋ ማሠራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ጥሩ ሐሳብም ነው። ጥንታዊ ለማስመሰል ግን አትሞክሩ። ለአናጺው ሦስት ነገር ንገሩት። ክንፉ ድፍን ጣውላ ሳይሆን ቀጭን ፍሬም ይሁን፤ ያለዚያ ይከብዳል። የክንፎቹ ቁጥር ጥንድ ይሁን፤ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት። ማጠፊያው ወደ ሁለቱም ወገን የሚታጠፍ ይሁን፤ ካልተገኘ ጠንካራ የጥጥ ጥብጣብ ከላይ እንደገለጽኩት እያፈራረቁ መለጠፍ ይቻላል። ፍሬሙን በሸማ ወጥሩት ወይም የምታውቁት ሠዓሊ ካለ ስጡት። ለሠዓሊው ግን ሰሌዳዎቹን አስተኝታችሁ ሳይሆን አያይዛችሁና አጥፋችሁ አቁማችሁ አሳዩት፤ የትኛው እጥፍ ወደ ፊት እንደሚወጣ አይቶ ይሳል።